ፋብሪካው ሲሄድ መኪናው ለማን ይቀራል?

አንድ የውጭ አገር የመኪና ፋብሪካ ወደ አገራችን ሲገባ ሪባን ይቈረጣል፤ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፤ ጋዜጠኛ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በማግሥቱም ወሬው በየሻይ ቤቱ ይወራል። ያው ፋብሪካ ከስሮ ሲወጣ ግን ሪባን የሚቈርጥ የለም። መውጣቱን የምናውቀው አንድ ሹፌር የፍሬን ሸራ ሊገዛ ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንድ አስተያየት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንደሚጽፉ ስለማውቅ እኔ ይህን ጉዳይ መረጥሁ። መኪና የሌለው ተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጣኝ ባጃጅ ነው፤ እናቴ በሱቋ የምትሸጠው ዱቄትና ስኳርም ከድሬዳዋ በአይሱዙ ተጭኖ ነው ጉናጋዶ የሚደርሰው። እንግዲህ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ያገባኛል።

ነገሬን በአንድ ስም ልጀምር፤ ሊፋን።

በቻይና አገር ቾንግቺንግ በምትባለው ከተማ ዪን ሚንግሻን የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ54 ዓመታቸው፣ 9 ሠራተኞች ይዘው አነስተኛ የሞተርሳይክል ሥራ ጀመሩ። ሰውዬው የወጣትነታቸውን ዘመን በእስርና በጉልበት ሥራ ያሳለፉ፣ ከዚያም በመጽሐፍ ንግድ የኖሩ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው ስለ ጡረታው ያስባል፤ እርሳቸው ግን ሞተርሳይክል ለመላው ዓለም መሸጥ ቻሉ። ቀጥሎም ኩባንያው መኪና መሥራት ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አክሲዮኑን በሻንጋይ ገበያ ላይ አወጣ። በሩሲያ አገር አንድ ሰሞን ከቻይና መኪናዎች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ የነበረው ሊፋን ነው። ወደ ብራዚልም ዘለቀ። ወደ እኛም መጣ።

ወደ እኛ የመጣው በመጀመሪያ በራሱ ስም አልነበረም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ኢንጂነር ታደሰ ተሰማ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ሆነው ሆላንድ ካር የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው በሞጆ መኪና ይገጣጥሙ ነበር። ድርጅቱ ለመኪናዎቹ የወንዞቻችንን ስም ሰጣቸው፤ ዓባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ እያለ። «ዓባይ» የተባለችው የሊፋን 520 ነበረች፤ ክፍሎቿ ከቻይና እየመጡ እዚህ ይገጣጠማሉ። (የስሙ አወጣጥ ያስደንቀኛል። ወንዞቻችን ከአገር ወጥተው ይሄዳሉ እያልን ስናማርር የኖርን ሰዎች ነን፤ ከሦስቱ መካከል ድንበር ሳይሻገር እዚሁ የሚቀረው አዋሽ ብቻ ነው። የአዋሽን ስም የያዘችው መኪናም ቢሆን አልቀረችልንም።) ሆላንድ ካር የውጭ ምንዛሪ ሲቸግረው፣ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻም የብር የመግዛት ዐቅም በዶላር ፊት ሲቀነስ፣ ዕቃውን በዶላር ገዝቶ መኪናውን በብር የሚሸጥ ድርጅት የሚደርስበት ሁሉ ደረሰበትና በ2005 ዓ.ም. ለኪሳራ በቃ።

ሊፋን ግን ከዚያ አስቀድሞ ከሆላንድ ካር ተለይቶ ያንግፋን ሞተርስ በሚል ስም የራሱን ሥራ ከፍቶ ነበር፤ በኋላም በዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ መገጣጠሙን ቀጠለ። በአዲስ አበባ ቢጫ ቀለም ከተቀቡት የሜትር ታክሲዎች መካከል ከቶዮታ አቫንዛ ጋር ጎን ለጎን የተሰለፈው ሊፋን 530 ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ በሕይወቱ ፕላስቲኩ ያልተላጠ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቀው ሰው ሁሉ፣ አዲስ መኪና የማግኘት ተስፋ ያየው በእነዚህ መኪናዎች ነው። ይህን ውለታ መካድ ተገቢ አይመስለኝም። ያረጀ ቶዮታ የሚጠየቅበትን ዋጋ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል።

ከዚያስ ምን ሆነ? የቻይና የመኪና ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ማሽቈልቈል ያዘ። በዚያ አገር የመኪና ፋብሪካው ብዛት ከገዢው ጋር የማይመጣጠን ነበርና ደካሞቹ አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር። ሊፋን ዕዳው በዛበት፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ጉዳዩ በቾንግቺንግ ፍርድ ቤት ለኪሳራና ለመልሶ ማዋቀር ቀረበ። ከዚያ በኋላ ጂሊ የተባለው ትልቁ የቻይና ኩባንያ እጁን አገባበት፤ ስሙም ሊፋን ቴክኖሎጂ ተባለ፤ ሊቫን የሚባል አዲስ የመኪና ስምም ተፈጠረ። በሩሲያና በብራዚል የነበረው ሽያጭ ደብዝዞ ጠፋ። በእኛ መንገድ ላይ የሚሄዱትን 520፣ 530ና 620 የሚባሉትን ዐይነቶች መሥራትም ቀረ።

ልብ በሉ፤ ኩባንያው ከነጭራሹ አልሞተም። ስሙን ለውጦ፣ ባለቤት ለውጦ፣ ሌላ ዐይነት መኪና እየሠራ ይኖራል። ለአክሲዮን ባለቤቶች ይህ መዳን ነው። ለአዲስ አበባው የታክሲ ሹፌር ግን፣ እናቱ ሌላ ባል አግብታ ሌላ ልጆች እንደ ወለደችለት የመጀመሪያ ልጅ መሆን ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። በጅግጅጋ የምናውቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት አነስተኛ መኪና ገዙ። የመኪናዋ ማርካ ከላይ ካነሣሁት፣ ወደ ታችም ከማነሣቸው ስሞች ሁሉ የተለየ ስለሆነ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ብቻ ፋብሪካው ከገበያ የወጣ ነው። ሦስት ዓመት ያህል በደኅና ስትሠራ ቆየች። ከዚያ ካምቢዮዋ ውስጥ አንዲት ጥርስ ተሰበረች። ሽማግሌው ጅግጅጋን አዳረሱ፤ ድሬዳዋ ሰው ላኩ፤ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ የሚያውቁትን ሁሉ አስፈለጉ። አልተገኘም። በመጨረሻ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ጋሼ፣ መኪናዋስ አልሞተችም፤ የሞቱት ወላጆቿ ናቸው» አላቸው።

እርሳቸውም፣ «ታዲያ ወላጅ አልባ መሆኗን ስትሸጥልኝ ለምን አልነገረችኝም?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው፣ ያቺ መኪና የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የመድኃኒት መግዣ ነበረች። አሁን ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባታል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው «የቻይና ዕቃ!» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከገበያ መውጣት የቻይና ጠባይ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ሌይላንድ በአውስትራሊያ የነበረውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ዘግቷል። የአሜሪካው ፎርድ ከ100 ዓመት በላይ በኖረበት በብራዚል መኪና መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አቁሟል፤ በዚያው ዓመት ከህንድም ፋብሪካዎቹን እንደሚዘጋ አስታውቋል። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና መኪና ማምረቱን ትቷል። መቼም ነጋዴ የሚመጣው ለትርፍ ነው፤ ትርፍ ሲያጣ ይሄዳል። ይህን እንደ ክሕደት ቈጥሮ መቈጣት፣ ዝናም ለምን ቆመ ብሎ ሰማይን እንደ መቈጣት ነው። ልዩነቱ ያለው በአካሄዱ ላይ ነው።

ስለ አካሄድ ሁለት ምሳሌ ላምጣ። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ሆልደን የሚለውን ስም ከአውስትራሊያ ገበያ እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ፣ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫና ጥገና እንደሚያቀርብ አብሮ ቃል ገባ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኬንያ ሲወጣ ደግሞ በናይሮቢው ፋብሪካ የነበረውን 57.7 በመቶ ድርሻ ለአይሱዙ ሸጠለት። ሠራተኛው፣ መጋዘኑ፣ ደንበኛው ሁሉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈ እንጂ መንገድ ላይ አልተጣለም። እንግዲህ ያው አንድ ኩባንያ ነው። ከሄደ በኋላ ባለመኪናው እንዳይቸገር ያደረገው ግን የኩባንያው ደግነት ብቻ አይመስለኝም። በአንዱ አገር የገዢን መብት የሚያስከብር ጠንካራ ሕግ ነበረ፤ በሌላው ደግሞ ሥራውን ተረክቦ የሚሠራ ዐቅም ያለው ተቀባይ ነበረ።

እኛ ከሁለቱ የቱ አለን?

ሕግ የለንም ለማለት አልችልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛን ሰው ከሻጩ ላይ መብት እንዲጠይቅ ያስችለዋል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሻጩ ቆሞ በሚገኝበት ጊዜ ነው። ሻጩ በሩን ዘግቶ፣ አምራቹ በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ገብቶ፣ ስሙም ተለውጦ በሚገኝበት ጊዜ ከጉናጋዶ የተነሣ አንድ ባለመኪና ክሱን ወዴት ይዞ ይሄዳል? ወደ ቾንግቺንግ? የዋስትናው ወረቀት በእጁ አለ፤ ማኅተምም አለበት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። መኪና ለሚገጣጥም ወይም በብዛት ለሚያስመጣ ድርጅት ፈቃድ ሲሰጥ «ስንት መኪና ትሸጣለህ? ስንት ሰው ትቀጥራለህ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ «ስትሄድስ?» ተብሎም ይጠየቅ። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ መኪና ዋጋ ላይ ትንሽ ገንዘብ በባንክ ዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ድርጅቱ በሰላም ቢኖር ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ቢወድቅ ግን መለዋወጫ ይገዛበታል። ከገንዘቡም ይልቅ የሚበልጥ ነገር አለ፤ እርሱም ሥዕሉ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎች፣ ማለት የፍሬን ሸራው፣ ኩሽኔታው፣ የካምቢዮው ጥርስ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ልካቸውና የብረታቸው ዐይነት የተጻፈበት ሥዕል በመንግሥት እጅ በአደራ ይቀመጥ። ፋብሪካው እስካለ ድረስ ማንም አይንካው። ፋብሪካው የጠፋ ዕለት ግን ይከፈትና ለየከተማው ቶርኖ ቤት ይሰጥ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ረቂቅ አንብቦ «እንዲህ ያለ ግዴታ ብንጭንባቸው ጭራሽ ሳይመጡ ይቀራሉ» አለኝ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። አገራችን የውጭ ምንዛሪ ያንሳታል፤ ገዢዋም ድኻ ነው፤ ስለዚህ የሚመጣውን ሁሉ በእልልታ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለንም የሚሉ ትልልቅ ሰዎችም ሰምቻለሁ። ነገር ግን ሂሳቡን አስቡት። ያ ሽማግሌ መኪናዋን ሲገዙ ዋጋው ውስጥ ትንሽ ጭማሪ ቢከፍሉ ኖሮ ዛሬ መኪናዋ ትሠራ ነበር። ርካሽ የተባለው ዋጋ ርካሽ የሆነው አንድ ነገር ስለ ጐደለው ነው። ያንን የጐደለውን ነገር ደግሞ ቆይተው ከፈሉት፤ ያውም ባንድ ጊዜ፣ ያውም በመኪናዋ ሙሉ ዋጋ።

«እንግዲያው ሁላችንም ቶዮታ እንግዛ» የሚሉም አሉ። በእኛ ክልል ይህ እንደ ሃይማኖት ቀኖና የሚቈጠር ነገር ነው። ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪ ደሀር፣ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ጎዴ፣ አሸዋውንና ኮረኮንቹን የሚችል ላንድ ክሩዘር ብቻ ነው ይባላል። የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ በአገራችን ከተቋቋመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በድንበሩ ማዶ በሀርጌሳም ብትሄዱ፣ ከጃፓን አገልግለው የመጡ፣ መሪያቸው በቀኝ በኩል የሆነ ቶዮታዎች ቀኝ መንገዳቸውን ይዘው ሲሄዱ ታያላችሁ። ያረጀ ቶዮታ ውድ የሆነበት ምክንያት ብረቱ ወርቅ ስለሆነ አይደለም። ገዢው የሚከፍለው ለእርግጠኝነቱ ነው፤ ማለት የትም ከተማ ብትቆምብኝ ዕቃዋ አይጠፋም ለሚለው እምነት። ሆኖም ሁሉም ሰው ቶዮታ ሲፈልግ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ መምህሩና ነርሷ ደግሞ በእግራቸው ይሄዳሉ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ግብር ሕግ ምክንያት አገልግለው በሚመጡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ከተጣለ ወዲህማ ይህ መንገድ ይበልጥ ጠቧል። ስለዚህ አዳዲስና ያልታወቁ ስሞች መምጣታቸው አይቀርም፤ ይምጡም። ጥያቄው ሲሄዱ የሚተዉትን መኪና የሚያኖር እጅ አለን ወይ ነው።

እጁስ ነበረን። ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለውን ካሚዮን፣ ሹፌሮቻችን «ኤንትሬ» ብለው የሚጠሩትን፣ አባቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። መሠራቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን መካኒኮቻችን የተሰበረውን በቶርኖ እየጠረቡ፣ ባሌስትራውን ራሳቸው እየቀጠቀጡ፣ ፋብሪካው ካሰበለት ዕድሜ በላይ አኖሩት። ኤንትሬ ከሌሎቹ የሚለየው አሠራሩ ግልጽ መሆኑ ነው፤ ከፍቶ የሚያይ ሰው ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ይገባዋል። ጣልያኖች በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ተባርረው ሲወጡ ጋራዡን ትተው ሄዱ፤ በጋራዡም ውስጥ ቋንቋቸውን ተዉ። እስከ ዛሬ ድረስ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ እንላለን። በጅግጅጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ወጣት በሶማሊኛ እየቀለደ፣ በአማርኛ እየተከራከረ፣ መፍቻ ሲጠይቅ ግን ጣልያንኛ ይናገራል።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ ስለ መንደራችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ጉናጋዶ ከመኪና ጋር ያላት ትውውቅ በሰላም የተጀመረ አይደለም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከደቡብ ወደ ደገሀቡርና ወደ ጅግጅጋ ሲገፋ፣ በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የሚመራው የኢትዮጵያ ሠራዊት እዚህ በዋሻና በጉድጓድ መሽጎ ተዋጋው። የምሽጉን ዕቅድ ያወጡት ወሂብ ፓሻ የሚባሉ የቱርክ ጄኔራል ነበሩ። ግራዚያኒ ያን ሁሉ በረሓ የተሻገረው ከአሜሪካ በተገዙ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የጭነት መኪናዎችና በካተርፒላር ትራክተሮች ነው። የእኛ ሰዎች በእግራቸው ነበሩ። ሽማግሌዎች ስለዚያ ጦርነት ሲያወሩ ስለ አውሮፕላኑና ስለ መርዙ ከተናገሩ በኋላ የሚያነሡት ስለ መኪናው ድምፅ ነው። እንግዲህ የእኛ አያቶች መኪናን ያወቁት እንደ ጠላት መሣሪያ ነበር፤ ልጆቻቸው ግን ያንኑ ብረት ፈትተው መግጠም ተማሩ። ይህን የመሰለ ትምህርት በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብሁም።

አሁን ግን ያ የቶርኖ ጥበብ የማይደርስበት ነገር እየመጣ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት ይገባል፤ የሚበዛውም ከቻይና ነው። ነዳጅ በዶላር ለምትገዛ፣ መብራትን ግን ከራሷ ወንዝ ለምታመነጭ አገር ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። የቤንዚን ሰልፍ ያየ ሰው ሊቃወመው አይችልም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካዎች ከነዳጁ ይልቅ ዛሬ የሚወለዱና ነገ የሚሞቱ ሆነዋል። በቻይና ዌልትማይስተር የተባለው እ.ኤ.አ. በ2023 ለኪሳራ ቀረበ፤ ኔታ የሚባለውን መኪና የሚሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ተከተለው። በአሜሪካም ፊስከር የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 ከሰረ።

የፊስከር ነገር ሊታወቅ የሚገባው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከብረቱና ከባትሪው በላይ ሌላ ነገር አለው፤ ይህም ሶፍትዌሩ ነው። መኪናው አንዳንድ ሥራውን የሚሠራው፣ ስሕተቱም የሚታረመው ከፋብሪካው በሚላክለት መመሪያ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ መመሪያው የሚላክበት ቤት ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የፊስከር ባለቤቶች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ማኅበር አቋቁመው መለዋወጫውንና ሶፍትዌሩን ራሳቸው ይዘው ለመቆየት ተነሡ። ከመካከላቸው የኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ነበሩባቸው። እኛ ጋ አንድ ዐይነት መኪና ያላቸው ሰዎች የሚሰበሰቡት ብዙውን ጊዜ ለሠርግ አጀብ ነው። ለዚህም ቢሰበሰቡ ምን ይከለክላቸዋል? ዕቁብና ዕድር የፈጠረ ሕዝብ የመለዋወጫ ዕድር ማቋቋም እንዴት ያቅተዋል? ሃያ ሰዎች ሆነው አንድ የሞተ መኪና በጋራ ቢገዙ የሃያ መኪና ዕድሜ ከውስጡ ይወጣል። የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በማኅበር ተደራጅተው መኪና መግዛት ከቻሉ፣ በማኅበር ሆነው ማኖርም ይችላሉ።

ወላጆቻችንንም ለጥቂት ጊዜ ላስቸግር። አንዳንዶቻችሁ ባጃጅ ልትለውጡ፣ አንዳንዶቻችሁ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ እንደምታስቡ ልጆቻችሁ በክፍል ውስጥ ሲያወሩ እሰማለሁ። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲነግራችሁ፣ መጋዘኑን አሳየኝ በሉት። ባትሪው ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? በጅግጅጋ ወይስ በአዲስ አበባ? ኮምፒዩተሩን የሚያነብበው መሣሪያ በስንት ጋራዥ ይገኛል? ፋብሪካው ባለፉት 5 ዓመታት ስንት አገር ገብቶ ከስንቱ ወጣ? ይህን የሚመልስ ሻጭ ብታገኙ፣ መኪናው ትንሽ ቢወደድም ግዙት።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ የማቀርበው ልመና ከዚህ የተለየ ነው። በፊዚክስ ክፍል ስለ ጥርስ ተሽከርካሪዎች ተምረናል፤ በሰሌዳ ላይ ሁለት ክብ ተሥሎልን አንዱ ሲዞር ሌላው ወዴት እንደሚዞር መልሰናል። ከክፍላችን መካከል ግን እውነተኛ የካምቢዮ ጥርስ በእጁ የያዘ ከአምስት አይበልጥም፤ እነርሱም ቢሆኑ ወላጆቻቸው ሹፌሮች ስለሆኑ ነው። የሳይንስ ክበባችን በመጪው ዓመት ወደ ጅግጅጋ ሄዶ አንድ ቀን በቶርኖ ቤት፣ አንድ ቀን ደግሞ የኤሌክትሪክ ባጃጅ በሚጠገንበት ቦታ ቢውል ምን ይመስላችኋል? እኔ በራሴ ፈቃድ ሁለት ባለጋራዦችን ጠይቄአለሁ። አንደኛው «ልጆቹ ብረት እንዳይሰርቁብኝ እንጂ ይምጡ» ብለዋል። ሁለተኛው ከረመዳን በኋላ እንድንመጣ፣ ቁጥራችንም ከ15 እንዳይበልጥ ነግረውኛል። መሄጃው መኪና ብቻ ነው የቀረን።